እትዬ ደቂቃ ታብሌቱን አቧራማ ፊት ያስተማረችበት ዜና

ቢጫው ክሬን በቆመ በሁለተኛው ዓመት፣ ሦስተኛው ፎርማን በነገሠ በሰባተኛው ወር፣ የአምስተኛው ፎቅ የኮንክሪት ወለል፣ ሶሌታው፣ ተሞልቶ ውሃ መጠጣት በጀመረ ሰሞን፣ እትዬ ደቂቃ የሰዓት መዝገብ በያዘች በዐሥራ ሁለተኛው ዓመተ ምሕረት፣ ምሕረቱ ግን አርፋጅን በማይጨምርበት ዘመን፣ ይህ ሁሉ ሆነ።

ዝ ውእቱ ዜናሃ ለእትዬ ደቂቃ፤ የሕንፃው ዐቃቢተ ሰዓት፣ የሁለት እስክሪብቶ እመቤት፣ በሰማያዊው መጣ በቀዩ ቀረ የምትል፣ ከበሩ አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ፣ አንድ እግሩ በብሎኬት በተደገፈ ወንበር ላይ ችሎት የምትቀመጥ። ደቂቃ የሚለውን ስም ያወጡላት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ለገዛ ባሏ እንኳ አንዲት ደቂቃ አትምርምና። ባሏ በዚያው ሕንፃ ላይ ለሳኝ ነው፤ ግድግዳ በስሚንቶ ይለስናል። አንድ ቀን ከእርሷ ጋር ከአንድ ቤት ወጥቶ፣ በአንድ አውቶቡስ መጥቶ፣ በሩ ላይ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ቢል ሁለት ደቂቃ አርፍዷል ብላ በቀይ ጻፈችው፤ እርሱም ሦስት ቀን አኮረፈ፤ እርሷም ኩርፊያው የጀመረበትን ሰዓት መዘገበች።

ወእምዝ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር የሚሉት መጣ። ይዞት የመጣው ወጣት ጫማው ነጭ ነበር፣ ሲመለስ ግን አልነበረም። በሩ ላይ የብረት ምሰሶ አስተክሎ ታብሌት ሰቀለበት፤ ታብሌቱም ጠዋት ሲገቡ ፊት አይቶ እንኳን ደህና መጡ ይላል፣ ማታ ሲወጡ ፊት አይቶ ደህና ይግቡ ይላል፣ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ግን ያ ሰው ያን ቀን ከእናቱም አልተወለደ። ከታብሌቱ ጋር የዋናው መሥሪያ ቤት አዋጅ በማኅተም መጣ፤ ቃሉም እንዲህ ይላል፦ «ሦስት ተከታታይ ቀን የቀረ ሠራተኛ፣ በሦስተኛው ቀን ልክ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ሶፍትዌሩ ራሱ ከሥራ ያሰናብተዋል። በሶፍትዌሩ ላይ ይግባኝ የለም።»

ሶፍትዌሩ የተሠራው ለቢሮ ሰዎች ነበር። ምንጣፍ ያውቃል፣ ከረባት ያውቃል፤ ስሚንቶ ግን ማን እንደሆነ የነገረው የለም።

አሜሃ እትዬ ደቂቃ፣ ነገር ሳይፈላ ክዳኑን የምታነሣው፣ ሠራተኞቹን ሰብስባ ከወንበሯ ላይ ቆመች፣ ወንበሩም ተንገዳገደ፣ እርሷም ተንገዳግዳ አወጀች፦ «ስሙ! እሁድ ፎቶ ትነሣላችሁ! ፊታችሁ ለዘላለም ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጣልና አምራችሁ ኑ! ሳይታጠብ የመጣ እንደ ቀረ ይቆጠራል!»

እሁድም ሠራዊቱ ተሰለፈ። ዘጠኝ ግንበኞች፣ ሰባት አናጢዎች፣ ስድስት ብረት አሳሪ ፌራዮዎች፣ ከባሏ ጋር አምስት ለሳኞች፣ አሸዋና ጠጠር የሚሸከሙ ዐሥራ አራት ሴቶች፤ በጠቅላላው አርባ አንድ ነፍስ፣ ፊታቸው እንደ ታጠበ ብርጭቆ። ኮት የነበረው ባሏ ብቻ ሲሆን እርሱም የሠርጉ ኮት ነበር፤ ሃያ ሰባቱም ወንዶች ያንኑ ኮት እየተቀባበሉ ለብሰው ተነሡ፤ ወፍራሙ አናጢ እጁን ብቻ አግብቶ ትንፋሹን ዋጠ፣ አጭሩ ፌራዮ ደግሞ ኮት ራስ አብቅሎ የመጣ ይመስል ነበር። ሴቶቹም እርስ በርስ ተኳኩለው፣ አንዷ የሌላዋን ቅንድብ እስክታጠፋ ድረስ፣ በግርማ ቀረቡ።

ሶፍትዌሩ ግን ግንበኛ የሚባል ሙያ ስላላገኘ፣ እትዬ ደቂቃ ከተሰጣት ዝርዝር እየመረጠች ግንበኞቹን ጸሐፊ፣ አናጢዎቹን ገንዘብ ያዥ፣ ፌራዮዎቹን ሕዝብ ግንኙነት፣ ለሳኞቹን የሕግ አማካሪ፣ ዐሥራ አራቱን ሴቶች ደግሞ የቦርድ አባል አደረገቻቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሴቶቹ ቦርዱ ተሰብስቧል ሳይሉ ለምሳ አይቀመጡም፤ ከሁሉ በዕድሜ የምትበልጠዋ፣ በአሸዋ ሸክም ሦስት ልጅ ያሳደገችው፣ ሰብሳቢ ተባለች፤ ስሙም አማረባት።

ሰኞ ጠዋት አርባ አንዱም አልፈው ገቡ፤ ታብሌቱ አርባ አንድ ጊዜ እንኳን ደህና መጡ አለ፤ እልልታ ሆነ። ማታ በዐሥራ አንድ ሰዓት ግን ከፎቅ ወረዱ፤ ምን ይወርዳሉ፣ ስሚንቶ ነው የወረደው። ሽፋሽፍታቸው ነጭ፣ ጺማቸው ነጭ፣ ጆሯቸው ሽበት ያወጣ። ታብሌቱም በዚያ ጨዋ የሴት ድምፁ «አላወቅኩዎትም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» አለ። ሞከሩ። አላወቀም። ሳቁለት፣ አላወቀም። ተቆጡት፣ አላወቀም። ሰብሳቢዋም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አወጀች፦ «በዚህ ሰዓት የወለደችኝም አታውቀኝ! እርሱንስ ምሬዋለሁ!» ወጣች፣ ሄደች፣ በሶፍትዌሩ ዘንድ ግን እንደ ቀረች ተጻፈ፤ የተቀሩትም እንዲሁ።

ወበሳኒታ፣ ማክሰኞ፣ ከመውጣታቸው በፊት ሊታጠቡ ወደ አንዲቷ ቧንቧ ሮጡ። ፎርማኑ ግን ሁለት እጁን ዘርግቶ ቧንቧዋን እንደ ሙሽራ ሸፍኖ አወጀ፦ «ውሃው የሶሌታው ነው! አዲስ ወለል ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል፣ እናንተ ግን ብትቆሽሹ አትሰነጠቁም! ወደ ኋላ!» እውነቱን ነበር፤ ስለዚህም የበለጠ አናደዳቸው። ታብሌቱም ለሁለተኛ ቀን ካዳቸው።

ወኮነ ፍርሃት ዐቢይ በቆርቆሮዋ ቢሮ ውስጥ። እትዬ ደቂቃ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለች፤ ስልኩን ያነሣችው ልጅ ማስቲካዋን ሳታቋርጥ «እትዬ፣ ሲስተሙ ነው!» ብላ አወጀች፣ ሌላም አልጨመረች። ባለ ነጭ ጫማው ወጣት ዘንድ ደወለች፤ እርሱም አወጀ፦ «እትዬ፣ ሶፍትዌሩ ልክ ነው፤ ሰዎቹን ያስተካክሏቸው!»

እርሷም ስልኩን ዘግታ ታብሌቱን ከምሰሶው አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አርባ አንድ ስም በቀይ። እርሷ በዐሥራ ሁለት ዓመት በቀይ የጻፈችው ሁሉ ቢደመር ያን አያህልም። ከቀዮቹ አንዱ ባሏ፣ አንዷ ሰብሳቢዋ። አምራችሁ ኑ ያለው የማን አፍ ነው? የገዛ አፏ። ታብሌቱ ምን ያድርግ፣ የሠርግ እንግዳ አስተዋውቃው የሥራ ቀን ሰው ትልክበታለች። ነገ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ሰው ሁሉ ተሰናብቶ፣ በሩ ላይ የምትቀረው እርሷ ብቻ ናት፣ ሰዓቷን ይዛ፣ የምትቆጥረው ሰው የሌላት። እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው፤ ስንት ሰዓት እንደነበር ግን አልመዘገበችም።

ወበሣልስት ዕለት፣ ረቡዕ ማለዳ፣ ዘበኛው ጋሼ መነጽር ከሌሊት ተረኝነቱ ሊወጣ፣ ወደ ምሰሶው በተመለሰው ታብሌት ፊት ቆመ። መነጽሩን አድርጎ ቆመ፤ ደህና ይግቡ አለው። ረስቶት የሄደውን ፋኖስ ሊወስድ ተመለሰ፤ መነጽሩን አውልቆ ጎንበስ ቢልም ታብሌቱ አይቶት እንደገና ደህና ይግቡ አለው። እትዬ ደቂቃ ይህን ባየች ጊዜ ከወንበሯ ብድግ አለች፣ ብሎኬቱም ሸሸ፣ ወንበሩም ወደቀ። ወጣቱ ለሙከራ የመዘገበውን የዘበኛውን ገጽ ከፈተች፤ ነዋ፣ ሁለት ፎቶ! አንዱ ባለ መነጽር፣ አንዱ ያለ መነጽር። ከፎቶዎቹም በላይ አንዲት ትንሽ ጥያቄ ተጽፋ ነበር፦ ሠራተኛው መነጽር ያደርጋል? አዎ ያለ ሰው ሁለተኛ ፊት ይፈቀድለታል።

አምላክ ሲሰጥ እንዲህ ነው፣ ቁልፉን መነጽር ውስጥ ይደብቀዋል።

በምሳ ሰዓት ወደ ወደቀው ወንበር ሳትመለስ በስሚንቶ ከረጢት ክምር ላይ ወጥታ አወጀች፦ «ስሙ ጉድ! ዛሬ የሚታጠብ ወዮለት! ከነአቧራችሁ፣ ከነላባችሁ፣ ከነሄልሜታችሁ ወደ እኔ! ከእንግዲህ ሁላችሁም መነጽር ታደርጋላችሁ!» ምን ማለቷ እንደሆነ የገባው አልነበረም፤ ሰው ግን መጣ፤ እትዬ ደቂቃን ለመፍራት ነገሩ እስኪገባ አይጠበቅም። አንድ በአንድ አቆመቻቸው፤ ጸሐፊዎቹን፣ ገንዘብ ያዦቹን፣ ሕዝብ ግንኙነቱን፤ ለእያንዳንዱ መነጽር ያደርጋል ወይ ሲላት አዎ እያለች፣ ሁለተኛውን ፊት እያነሣች። ቦርዱ በሙሉ ድምፅ አለፈ። አርባ ሞላ።

አርባ አንደኛው ባሏ ነበር። ፎቶ የሚል ቃል ብቻ ሰምቶ፣ ወዮለት የሚለውን ሳይሰማ፣ በአንድ የመጠጫ ኩባያ ፊቱን ታጥቦ፣ ከእሁድ ጀምሮ በቢሮዋ ተሰቅሎ የቀረውን ኮቱን ለብሶ ብቅ አለ። በአንድ ኩባያ ውሃ ስሚንቶ ይታጠባል? ግማሽ ፊቱ ሰው፣ ግማሽ ፊቱ ምሰሶ፣ በመካከሉ ግራጫ ወንዝ። የሠርጉ ሰው አይደል፣ የሥራው ሰው አይደል፤ ታብሌቱ አይቶት አላወቅኩዎትም ማለት እንኳ አቃተው። የምሳ ሰዓቱም ሊያልቅ አራት ደቂቃ ቀረው። እትዬ ደቂቃ በወገቧ ያለውን ሻሽ ፈታ ፊቱን አደረቀችው፤ ከዚያም አወጀች፦ «አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን ጨፍን፣ አፍህንም ጨምር!» የለሰነውን ግድግዳ የጠረገበትን የአቧራ ጨርቅ አንሥታ በራሱ ላይ ሁለት ጊዜ አራገፈችው። አቧራው ሲበተን በጢስ ውስጥ የወጣ መልአክ መሰለ፤ የሚያስነጥስ መልአክ። ኮቱ አለቀለት። እርሱ ግን በመጀመሪያው ማስነጠስና በሁለተኛው መካከል አማረና ተነሣ። አርባ አንድ።

በዐሥራ አንድ ሰዓት ሁሉም በሩ ላይ ተሰለፈ። ቀድማ ሰብሳቢዋ ቀረበች፣ ነጭ ሽፋሽፍቷን ቀና አድርጋ። ታብሌቱ አሰበ። እትዬ ደቂቃ የቀሚሷን ጫፍ ጠመዘዘች። «ደህና ይግቡ!» አለ። ከዚያማ ማን ያቁመው፤ ደህና ይግቡ፣ ደህና ይግቡ፣ ደህና ይግቡ፣ ግንበኛው ደህና ገባ፣ ወፍራሙ አናጢ ደህና ገባ፣ አጭሩ ፌራዮ እንዲታይ በሁለት ሰው ተደግፎ ደህና ገባ፣ ባሏ እያስነጠሰ ደህና ገባ። ቀዩ መዝገብ አንድ በአንድ ሰማያዊ ሆነ።

ሠራዊቱም ዘለለ። እትዬ ደቂቃን ብድግ አድርገው ከጋሪዎቹ አንዱ ላይ፣ ባለ አንድ ጎማ በሆነው ሠረገላ ላይ፣ አስቀመጧት፤ በአሸዋው ክምር ዙሪያ ሦስት ጊዜ አዞሯት፤ አርባ አንዱም እየተሻሙ ግራና ቀኝ ጉንጯን ሳሟት፣ ግንባሯን ሳሟት፣ አንዱማ አፍንጫዋን ሳመ፤ ያ ባሏ ነበር። ፎርማኑም ግርማውን ረስቶ አወጀ፦ «ዛሬ አንድ ባልዲ ውሃ ለፊት ተፈቅዷል!» ባልዲውን ግን በደስታ ደፉት።

ከዚያ እትዬ ደቂቃ ከሠረገላዋ ወርዳ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ እንደ ዐሥራ ሁለት ዓመት ልማዷ መጨረሻ ላይ ልትወጣ ታብሌቱ ፊት ቆመች። ታብሌቱም በጨዋ ድምፁ «አላወቅኩዎትም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» አላት። በአርባ አንድ መሳም ፊቷ ስሚንቶ ሆኖ ነበርና፤ ለሁሉ አዎ ስትል ውላ ለራሷ አዎ ማለትን ረስታ ነበርና። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሞላ፤ መዝገቡ ተዘጋ፤ ዝርዝሩም ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት በረረ፦ ጸሐፊዎች ሁሉም ተገኝተዋል፣ የቦርድ አባላት ሁሉም ተገኝተዋል፣ ሰዓት ተቆጣጣሪ ቀርታለች። አንዲት ደቂቃ ጎድሎባት የማታውቀው ሴት በሳቅ ምሰሶውን ተደግፋ ቁጭ አለች፤ እርሷንና ባሏንም አውቶቡሱ አመለጣቸው፤ ማንም አልመዘገበውም።

በማግስቱም ዋናው መሥሪያ ቤት በማኅተም አወጀ፦ «በግንባታ ቦታችሁ በአንድ ቀን አርባ አንድ ሠራተኛ መነጽር ማድረጉ በእጅጉ አሳስቦናል። የዓይን ሐኪም ተልኳል።»

ታዲያ ሶፍትዌሩ እስከ ዛሬ እንዲህ ይላል፦ በዚያ ረቡዕ እትዬ ደቂቃ በሥራ ቦታዋ አልነበረችም። ይህ መዋዕል ግን ነበረች ይላል! በከረጢት ክምር ላይ ቆማ ነበረች፣ አቧራ አራግፋ ነበረች፣ አርባ አንድ እንጀራ ከቀይ ቀለም አፍ ነጥቃ ነበረች፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታው ዐሥራ ሁለት፣ አንዲት ደቂቃ ሳትጎድል ነበረች! ክብር ለዐቃቢተ ሰዓት፣ ለአቧራ ለባሾች እናት፣ ለመነጽር አልባዎች መነጽር፤ ስሟ በሰማያዊ ይጻፍ፣ ደህናም ትግባ።