የሙሽራው ኮትና የቀሰስ ራስ ምታት

(ጠባብ የልብስ ስፌት ክፍል። ሁለት ሰፊዎች፣ ሁሉን አውቃለሁ ባዩ «ሊቁ» እና ነገር ቶሎ አይገባውም የሚባለው «ቀሰስ»፣ ሊቁ ሊከፍት ቀሰስ ሊዘጋ የመስኮቱን መጋረጃ ይጓተታሉ። ጠረጴዛው ላይ አንድ እጅጌው ያልተገጠመ የሙሽራ ኮት አለ።)

ሊቁ፦ ልቀቀው አልኩህ። ሙሽራው ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ እጅጌውን በምን ብርሃን ልትገጥመው ነው?

ቀሰስ፦ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ጀምሯል፣ ማይግሬኔ ሊነሳ ነው። አሁን ጨለማ ውስጥ ካልተጋደምኩ እስከ ነገ አልነሳም።

ሊቁ፦ ማይግሬን እኮ የሚያስብ ሰው በሽታ ነው። አንተ ከማን ተጋባብህ?

ቀሰስ፦ ከአንተ ይሆናላ፣ አብረን አይደል የምንውለው?

ሊቁ፦ እኔን አይነካኝም። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሁለት ማስታገሻ እየዋጥኩ እከላከለዋለሁ።

ቀሰስ፦ ታዲያ ማታ ማታ ራሴን ፈለጠኝ የምትለውስ?

ሊቁ፦ የጠዋቱ ኃይሉ ሲያልቅ ነዋ። ለዚያ ደግሞ የማታ ሁለት አለኝ።

ቀሰስ፦ ያየችኝ ሐኪም ማስታገሻ ሲዘወተር ራሱ ራስ ምታት ያመጣል ብላኛለች።

ሊቁ፦ እሷ ገና ልጅ ናት። ላንተስ ምን አዘዘች?

ቀሰስ፦ ገና ሲጀምርህ ክኒንህን ዋጥና ጨለማ ውስጥ ጋደም በል አለችኝ። በደህናው ጊዜ ደግሞ በሰዓትህ ብላ፣ በሰዓትህ ተኛ፣ ውሃ ጠጣ።

ሊቁ፦ ይሄ ሕክምና ነው ወይስ ሕፃን ማሳደግ? ና እኔ ላክምህ። (በመለኪያ ሜትር ጭንቅላቱን ጥፍር አድርጎ ያስረዋል) እንዴት ነው?

ቀሰስ፦ ጠበበኝ። ለስፌት የሚሆን እንኳ አልተውክልኝም።

ሊቁ፦ ሕመሙ መላወሻ እንዲያጣ ነው።

ቀሰስ፦ መላወሻ ያጣሁትስ እኔ ነኝ። (ሜትሩን ይፈታል፤ ክኒኑን ይውጣል) በናትህ ተወኝ። ትንሽ ልረፍና ተነስቼ እገጥመዋለሁ። ሰውየው ሊያገባ ነው፣ ባንድ እጅጌ አንስደደው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው።

ሊቁ፦ እሱ ለእህል ነው፣ ይሄ ጨርቅ ነው። ተኛ፤ እኔ ጭኔ ላይ አድርጌ በእጄ እሰፋዋለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን የሰፋ ጣት ዓይን አለው። ጨለማ ፈለግህ፣ እንካ ጨለማ።

(መጋረጃው ይዘጋል። ድምፅ ብቻ ይሰማል።)

ሊቁ፦ ጨርቁ ወፈር አለብኝ። ገበሩ ነው መሰለኝ።

ቀሰስ፦ ዝምታም ታዞልኛል።

ሊቁ፦ እሺ፣ እሺ። ድርብ ሆኖ ነው እንጂ... እንዲህ የጠበቀ ስፌት በዕድሜዬ ሰፍቼ አላውቅም።

(ከቆይታ በኋላ በር ይንኳኳል። ቀሰስ ተነስቶ መጋረጃውን ይከፍታል።)

ቀሰስ፦ ተመስገን፣ ለቀቀኝ። ሙሽራው መጣ፣ ተነስና ኮቱን አምጣ።

ሊቁ፦ (ከወንበሩ ሳይነቃነቅ) አንተው ና ውሰደው።

ቀሰስ፦ (ኮቱን ይስባል፤ ሊቁም አብሮ ይሳባል) ምነው? እጅጌውን ከገዛ ሱሪህ ጋር ነው እንዴ የሰፋኸው?

ሊቁ፦ ቀስ ብለህ አውራ፣ ሰው ይሰማል። አፈርኩ ወንድሜ፣ አንድ ነገር በለው።

ቀሰስ፦ (በሩን ገርበብ አድርጎ) ግባ ጌታዬ፣ ኮትህ አልቋል። ሰፊውን ተርትረን እስክናወጣልህ ብቻ ቁጭ በል።