አደይ ለተብርሃን ተራራ የወጡ ዕለት

ተራራና ተራራ አይገናኝም ያለው ሰው ሆላንድን ቢያያት ኖሮ ተረቱን ይውጠው ነበር። እዚህ የሚገናኝ ቀርቶ የሚኳረፍ ተራራ የለም። በእኔ ቀዬ ምድሩ ቀጥ ብሎ ከመቆሙ የተነሣ ዶሮ እንቁላሏን ስትጥል ቁልቁል እንዳይንከባለልባት በአንድ እግሯ ትደግፈዋለች። አሁን በምኖርባት የሆላንድ ከተማ በዞተርሜር ግን ኳስ ብታስቀምጡ፣ ልጃችሁ አድጎ እስኪዳር እዚያው ይጠብቃችኋል። ፊደል ባልቆጥርም ይህን ያህል ጂኦግራፊ አላጣም።

ታዲያ እንዲህ ባለ አገር ለተራራ ስለት የሚገባ ሰው ይኖራል? አለ እንጂ! ጎረቤቴ አደይ ለተብርሃን (“አደይ” በትግርኛ እናቴ ማለት ነው) አስመራ ተወልደው፣ አማርኛውን አዲስ አበባ ለምደው፣ ጡረታቸውን ዞተርሜር የሚበሉ እናት ናቸው። ጉልበታቸው ሊቀየር ሆስፒታል ሲገቡ በድንጋጤ፣ “ቅዱስ ሚካኤል፣ በእግሬ ካቆምከኝ ተራራ ወጥቼ እልል እልልሃለሁ” ብለው ተሳሉ።

ጉልበቱ ዳነ። ተራራው ጠፋ።

የስለት ዕዳ ያለበት ሰው እንዴት ይተኛል? አዲሱ ጉልበት ጠቅ ባደረጋቸው ቁጥር “ሚካኤል ጉልበቱን መልሺ ሊለኝ ነው!” እያሉ ይባንናሉ። እዚሁ ያደገችው ልጃቸው ሳራ፣ “እማዬ፣ ፎቅ ላይ በሊፍት ውጪና እልል በይ” ብትላቸው፣ “መልአክ በሊፍት አይታለልም!” ብለው አፏን አስያዟት።

ይኼኔ እኔ ደረስኩ። “ይነሡ አደይ፣ ተራራ አግኝቻለሁ” ብዬ ከነሳራ በትራም ዴንሃግ ባሕር ዳርቻ ወሰድኳቸው።

“ይሄ የአሸዋ ክምር ነው!” አሉ ከባሕሩ ዳር የተቆለለውን ጉብታ ገና ሲያዩት። “አንተ ዋዘኛ፣ በስለትም ትቀልዳለህ?”

“ታሪኩን ሳይሰሙ አይናቁት” አልኩና ጀመርኩ። ባሕሩ አሸዋውን ተፋው፣ ነፋሱ ከመረው፣ ሣሩ በሥሩ ሰፍቶ ያዘው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወታደር ሆዱን ቆፍሮ አድሮበታል። የዴንሃግ ሰው የሚጠጣው ውሃ በዚሁ አሸዋ ተጣርቶ ነው። እርሱ ባይኖር ባሕሩ ሳያንኳኳ ይገባ ነበር። እንዲያምርልኝም አንበሳ ጨመርኩበት።

“ቁመቱሳ?”

“ከሳሎንዎ ይለኩታ! ሰፈርዎ ድሮ ሐይቅ ነበር፤ ውኃውን አስወጥተው ነው ቤት የሠሩበት። እርስዎ የሚኖሩት ከባሕር በታች ነው።”

ለካ ዋዘኛ እውነት ሲናገር እማኝ ያስፈልገዋል። አደይ ወደ ሳራ ዞሩ። ሳራ ስልኳን ነካ ነካ አደረገችና፣ “እማዬ፣ እውነቱን ነው” አለች ዓይኗ ፈጦ።

“እንግዲያ ዛሬ የተነሣሁት ከባሕር ወለል ነው?”

“ከዓሣ ሰፈር!” አልኳቸው።

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛቸው! የዘረጋሁትን እጅ ገፍተው፣ ከዘራቸውን እየተከሉ ወደ ጉብታው ጫፍ የሚያወጣውን ደረጃ ወጡት። ጫፍ ላይ ነፋሱ ነጠላቸውን ባንዲራ አደረገው። በግራ ባሕሩ፣ በቀኝ ዝቅ ብሎ የተኛው አገር። አደይ እልልታውን ለቀቁት! ሰሜን ባሕር ወደ እንግሊዝ አንድ እርምጃ ያፈገፈገ መሰለኝ። የድንች ጥብስ የያዙ ፈረንጆች ምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡ።

ወርደን አሸዋውን ከጫማቸው ሲያራግፉ ግን ፊታቸው ድንገት ተለወጠ።

“ስማ አንተ! አሁን ከባሕር በታች ማን ሄዶ ይተኛል?”

ከዘራቸውን ተቀብዬ ትራም ላይ አሳፈርኳቸው። ትራሙ ወደ ባሕሩ ወለል መውረድ ሳይጀምር፣ አደይ ሳራ ትከሻ ላይ ተደግፈው ያንኮራፉ ነበር።