ደባርቅ ላይ ኤተር ማድረቅ

ደባርቅ ያልከረመ ሰው ስለ እርጥበት ቢያወራ አልሰማውም። እዚያ ጉሙ በር አያንኳኳም፤ ገፍቶ ገብቶ አልጋ ላይ ይቀመጣል። በደርግ ጊዜ ኬሚስትሪ እንዳስተምር የተመደብኩት እዚያ ነበር። ታዲያ ምን ቸገረህ አትሉኝም?

የቸገረኝ የፀሐይ ነገር ነው። የሰማይዋ አይደለችም፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ላቦራቶሪ አብራኝ ትሠራ የነበረችው ልጅ ናት። አብረን ኦርጋኖማግኒዥየም እንሠራ ነበር። ማግኒዥየምን ውሃ በሌለበት ደረቅ ኤተር ውስጥ ከብሮሞቤንዚን ጋር ማገናኘት ነው፤ በቃ። ግን ጠብታ ውሃ ካገኘው አለቀለት። አንዳንዴም አልጀምር ብሎ ያስለቅሳል። ያን ጊዜ እሷ ብልቃጡን በመዳፏ አቅፋ ታሞቀዋለች፤ እኔ መዳፏን አያለሁ። ሲፈላ "ጀመረ!" ትላለች። ስንመረቅ እሷን ጎሬ፣ እኔን ደባርቅ መደቡን። የልቤን ሳልነግራት አውቶቡሷ ሄደ።

በጋ ሲገባ ናፍቆቱ ጠናብኝ። ቢያንስ ያንን ፍላት ልየው አልኩ። ዳባት ጤና ጣቢያ ድሬሰር የሆነ ወዳጅ ነበረኝ፤ ለማደንዘዣ ከሚይዙት ኤተር ለመንኩት።

"ማንን ልታደነዝዝ ነው?" አለኝ።

"ራሴን" አልኩት። ስቆ ሰጠኝ።

ኤተሩን ማድረቂያ ጨው ጨምሬበት አቆየሁት። ዕቃውን በቡታጋዝ አደረቅሁ፤ ምድጃውን አጥፍቼ ከክፍል አወጣሁት፣ ኤተር ከእሳት ጋር ቀልድ አያውቅማ! ማግኒዥየሙን በምላጭ ፋቅሁት። ተማሪዎቼ ከበቡኝ። ብሮሞቤንዚኑን ጠብ ጠብ አደረግሁ፤ እንዲቀሰቅሰው ቅንጣት አዮዲን ጣልኩበት። ዝም። ጠበቅን። አሁንም ዝም።

የሺ የምትባል የበየዳ ልጅ፣ "መምህር፣ እምቢ አለዎት እንዴ?" አለችኝ።

ብልቃጡን በመዳፌ አቀፍኩት። ቆየሁ። ድንገት የአዮዲኑ ቡናማ ቀለም ጠፋ፣ ደፈረሰ፣ ያለ እሳት ይፈላ ጀመር። እሷ ትቆምበት ወደነበረው ወደ ቀኜ ዞሬ፣ "ፀሐይ! ጀመረ!" ብዬ ጮኽኩ።

ማን ይኑር? ተማሪዎቹ በሙሉ ወደ መስኮቱ ዞረው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። የሺ ብቻ ቀስ ብላ፣ "አዎ መምህር፣ ዛሬስ ደህና ወጥታለች" አለችኝ።

ፈተና ላይ አሠራሩን ጠየቅሁ። ግማሹ ክፍል ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? "ዕቃው በደንብ ይደርቃል። አልጀምር ካለ በመዳፍ ይታቀፋል። መፍላት ሲጀምር ፀሐይ ትጠራለች።"

ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ስህተቱን ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ አጣሁት።