የማይሠሩት ፀሐይና የማይመጡት ጸሀይ

ፊደላችን ለጋስ ነው። ሌላው ዓለም ለአንድ ድምፅ አንድ ፊደል አጥቶ ሁለት ሦስቱን ሲያገጣጥም፣ እኛ ለአንዲት «ሀ» ብቻ ሀሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ እያልን አማርጠን እንጽፋለን። ማን ምን ይለናል? ሰው እንደሆነ ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነበዋል። እኔም ማንበብ የማይችል፣ ግን ሁሉን የሚያውቅ ሶፍትዌር እስኪመጣብን ድረስ በዚህ ሀብት ስኮራ ኖሬአለሁ።

የምሠራው ቃሊቲ፣ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። መደቤ «የዳታ ክትትል ባለሙያ» ይባላል። ሲፈታ፣ የሰዓት መቆጣጠሪያው፣ የምርት መመዝገቢያውና የምሳ ኩፖኑ ሲስተሞች በየቀኑ የሚልኩት ዳታ አዲሱ የትንተና ሶፍትዌር ውስጥ መግባት አለመግባቱን ቁጭ ብሎ ማየት ማለት ነው። ከገባ አረንጓዴ ይበራል፤ ካልገባ ቀይ። ለዚህ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬአለሁ። ምን እንደገባ ማየትማ በሥራ መዘርዝሬ ላይ የለም።

አንድ ሰኞ ሥራ አስኪያጃችን ከሪፖርቱ ያገኙትን ግኝት በስብሰባ አበሠሩን። ፀሐይ የሚባሉ ሠራተኛ አሉ፤ አንድ ቀን ሳይቀሩ፣ አንድ ደቂቃ ሳያረፍዱ ይገባሉ፣ ግን አንዲት ብርድ ልብስ አልሰፉም። ጸሀይ የሚባሉ ደግሞ አሉ፤ በምርት ሁሉን ይበልጣሉ፣ ሆኖም ግቢውን ረግጠው አያውቁም። ፀሀይ የሚባሉ ሦስተኛም ተገኝተዋል፤ እኚህ አይመጡም፣ አይሠሩም፣ ምሳ ብቻ ይበላሉ። ሥራ አስኪያጁ ቆራጥ ሰው ናቸውና የመጀመሪያዋ እንዲሰናበቱ፣ ሁለተኛዋ እንዲሸለሙ፣ ሦስተኛዋ በጥበቃ እንዲፈለጉ አዘዙ።

ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው። እትዬ ፀሐይ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያው ፋብሪካ ጠርዝ ሲሰፉ የኖሩ፣ ከገላን ኮንዶሚኒየም በመጀመሪያው አውቶቡስ የሚመጡ፣ ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር የቀራቸው ሴት። ሰዓት መቆጣጠሪያው ስማቸውን በፀሐዩ ፀ፣ ምርት ክፍል በጸሎቱ ጸ መዝግቦታል። ካፍቴሪያው ደግሞ ፀሐዩን ፀ አክብሮ ሐመሩን ሐ ንቋል።

የስንብት ደብዳቤውን ይዘው ቢሮዬ ሲመጡ አፈርኩ። ስምዎ በየትኛው ፀ ነው የሚጻፈው ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ከዚህ የተሻለ ማጽናኛ አልመጣልኝም።

እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ በፈለጉት ይጻፉት፣ ሲጠሩኝ አቤት የምለው እኔው ነኝ አሉኝ። ከዚያ ደብዳቤውን አራት ቦታ አጠፉና፣ አምስት ወር ብቻ ነበርኮ የቀረኝ አሉ ቀስ ብለው።

ሥራ አስኪያጁን ለማሳመን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ሶፍትዌር እንዴት ይሳሳታል ብለው ድርቅ አሉ። በመጨረሻ እትዬ ፀሐይን አስጠርተው፣ አንዴ እሳቸውን አንዴ ስክሪኑን ሲያዩ ቆይተው፣ ለሴትየዋ ፈረዱላቸው። ስንብቱ ተሰረዘ፤ እኔም ሦስቱን ስም ጠቅልዬ አንድ እንዳደርግ ታዘዝኩ።

በደስታ አደረግሁ። በገዛ እጄ ለሁሉም ሲስተም አንድ ስም ጽፌ ላክሁ፤ አረንጓዴው በራ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ እትዬ ፀሐይ ሌላ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ሶፍትዌሩ ራሱ ያዘጋጀው ነው። «ለወይዘሮ ጸሐይ» ይላል፤ የቀረችውን አራተኛ አጻጻፍ በችኮላ የጨመርኳት እኔው ነኝ። ደብዳቤው እንኳን ወደ ፋብሪካችን በደህና መጡ ይልና፣ የሁለት ወር የሙከራ ጊዜዎን በትጋት ከፈጸሙ፣ የስፌት ልምድ ባይኖርዎትም በቋሚነት ልንቀጥርዎ እንችላለን ይላቸዋል።