ለአማቴ የጠመቅኩት ወይን

አማቱ ፊት ያልተፈተነ ባል ገና እጩ ነው እላለሁ። ቄስ ቢያጋባው፣ ማዘጋጃ ቤት ማኅተም ቢመታለት፣ ልጆች ቢወልድ፣ አማቱ አንድ ቀን በሙሉ አፋቸው “እጅህ ይባረክ” እስኪሉት ድረስ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ነው። እኔ በዚህ ሙከራ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ። እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት የት ታይቶ ያውቃል?

አማቴ እማማ ወርቅነሽ ክፉ ሴት አይደሉም። ይህን የምለው ፈርቼ አይደለም፤ ትንሽ ፈርቼም ሊሆን ይችላል። ሽማግሌ ልኬ ልጃቸውን ሰናይትን ስጠይቅ፣ “ጨዋ ይመስላል፤ ግን ከእጁ ምን ይወጣል?” ብለው ነበር አሉ። እሳቸው ሊጠይቁን አትላንታ ሲመጡ መልሱን ላሳያቸው ቆርጬ ተነሣሁ። መደርደሪያ ሰቀልኩ፤ በማግስቱ ወረደ። እንቁላል ጠበስኩላቸው፤ ገና ሳይቀምሱ “እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤአለሁ” አሉ።

አንድ እሑድ ማሪዬታ የሚኖረው የሚስቴ እኅት ባል መስፍን የወርቅ ቀለም ጽሑፍ ያለበት ወይን ይዞ መጣ። አማቴ ቀመሱና “አንተስ ታውቅበታለህ” አሉት። ከሱቅ መግዛት ሙያ ሆኖ ሲመሰገን ሰምቼ አንጀቴ አረረ። ምላሴም ሳታማክረኝ፣ “እማማ፣ ለመስቀል አገርዎ ከመግባትዎ በፊት ለመሸኛዎ እኔ በእጄ የጠመቅኩትን ወይን ይጠጣሉ” አለች። የማይሆን ነገር ለሚስትህ አትንገር ይባላል፤ ለአማትህ ስለመንገር ግን ተረቱ ምንም አይልም። ሰባት ሳምንት ቀርቶኝ ነበር።

ይህ ድፍረት ከየት መጣ? ፒችትሪ ኮርነርስ በምሠራበት መጋዘን ሚስተር ሌሮይ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ራሳቸው የጠመቁትን ጥቁር ቀይ ወይን አቀመሱኝ። ኤልደርቤሪ ከሚባል የዱር ፍሬ እንደሚሠራ፣ ፍሬውም ውሃ ባለበት ቦይ ዳር ማንም ሳይተክለው እንደሚበቅል ነገሩኝ። ምን ይመስላል ስላቸው፣ ጥቁር ፍሬ፣ ቀላ ያለ ዘንግ አሉኝ። ሌላም ሊጨምሩ ሲሉ “ገባኝ፣ ገባኝ” ብዬ አቋረጥኳቸው። የገበሬ የልጅ ልጅ ሆኜ ስለ ዱር ፍሬ ከፈረንጅ አገር ሰው ትምህርት ልወስድ ነው?

ቅዳሜ ጧት ሁለት ባልዲ ይዤ አቮንዴል እስቴትስ ከሚባለው ሰፈር ጀርባ ወዳለው ጅረት ወረድኩ። ጥቁር ፍሬ፣ ቀላ ያለ ዘንግ፤ እንደ ልብ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለቱንም ባልዲ ሞልቼ፣ እስከ ክርኔ ወይን ጠጅ ሆኜ፣ በድል አድራጊነት ቤቴ ገባሁ።

አማቴ አንዱን ዘለላ አንሥተው አገላበጡት። ቅጠሉን አሸተቱ። ውሃ አምጣ አሉኝና ፍሬውን በመዳፋቸው አሹት። አረፋ ወጣው። ቀና ብለው አዩኝና፣ “ልጄ፣ ይሄ እኮ የእንዶድ ዘመድ ነው። ሆዳችንን ልታጥብልን ነው እንዴ?” አሉኝ።

ተከራከርኩ። እንዶድ ጥቁር አይደለም፣ ይህ ደግሞ አሜሪካ ነው አልኩ። እሳቸው መልኩ ቢለይም አንጠለጣጠሉ ያው ነው፣ አረፋውም አይዋሽም አሉ። ሚስቴ ሰናይት የነርስ ረዳት ናት፤ “ቤቢ፣ ፕሊስ፣ ኢመርጀንሲ ሩም ሄጄ ባሌ ልብስ ማጠቢያ ጠጣ ብዬ ልፈርም?” አለች። ሰናይትን ላሳፍር ብዬ ፎቶ አንሥቼ ለሚስተር ሌሮይ ላክኩ። መልሳቸው አጭር ነበር፦ እሱን ከጠጣህ ሰኞ ሥራ አትገባም። ስሙም ፖክዊድ ነው፤ መርዝ ነው።

ሁለቱን ባልዲ ደፋሁ። አማቴ ነፍሴን አትርፈውልኛል፤ ማመስገን ሲገባኝ ያበሳጨኝ ግን መትረፌ ሳይሆን በእሳቸው መትረፌ ነበር። አሁን እንኳን ሲነገር ያሳፍራል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ አማቴ “እኔ ሳላይ አንድ ቅጠል እንዳትቆርጥ” ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው መኪና ውስጥ ገቡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሚስተር ሌሮይን በስልክ እስከ መጨረሻው አዳመጥኳቸው። እውነተኛው ኤልደርቤሪ ዘለላው እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ፣ ፍሬው ደቃቅ፣ ግንዱ እንጨት ነው። መንገድ ዳር ካለ ቦይ አጠገብ ወርደን፣ አማቴ የራሳቸውን ጃንጥላ ከዘለላው ጋር አስተያዩና አገኙት፤ አሹት፤ አረፋ የለም። ፎቶ ላክን፤ ሚስተር ሌሮይም አጸደቁት። አንድ ነጭ ሰውዬ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ደኅና ናችሁ ወይ ብሎ ጠየቀን። አማቴ በአማርኛ “እየሠራን ነው፣ እለፍ” አሉት፤ አለፈ።

ቤት ገብተን ፍሬውን በሹካ ከዘንጉ አራገፍን፤ ዘንጉ አይበላም። በደንብ አፈላሁት፤ ሲበርድ ስኳር ጨመርኩ። እዚህ ላይ ጦርነት ተነሣ። አማቴ ጌሾ ይግባበት አሉ። እኔ እርሾ ገዝቼ ነበር። ጌሾ ከገባ መጠጡ የእሳቸው ይሆናል፣ እኔም እንደገና ባልዲ ተሸካሚ ሆኜ እቀራለሁ። “እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄንን ለብቻዬ ልሥራው” አልኳቸው። በአሥራ ስምንት ዓመት እምቢ ስላቸው የመጀመሪያዬ ነው። የማሰሮውን ክዳን አቀበሉኝ፤ እርሾዬን ጨምሬ ከደንኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ጋን ጠባቂ ሆኜ አሳለፍኩ። ከሥራ ስመለስ ልጆቼን ከመሳሜ በፊት ጆሮዬን ማሰሮው ላይ እለጥፋለሁ። ሲንሾካሾክ ደስ ይለኛል፤ ዝም ሲል እንቅልፍ አጣለሁ። በመጨረሻ ጠለለ። አጠለልኩት፣ በጠርሙስ ቀዳሁት።

የመሸኛው ምሳ ደረሰ። መስፍን የወርቅ ጽሑፉን ይዞ መጣ። አማቴ የእሱን ቀመሱና ብርጭቆውን አስቀመጡ። የእኔን አነሡ። አንድ ጊዜ ተጎነጩ። እንደገና ተጎነጩ። ምግቡን ትቼ አፋቸውን አያለሁ፤ እንዲህ ያለ ጭንቀት ለዜግነት ስፈተን እንኳ አልያዘኝም። ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ ወደ እኔ ዘረጉ።

ቀዳሁላቸው። ግማሹን ጠጥተው፣ “ልጄ፣ እጅህ ይባረክ” አሉኝ። መስፍን ጭምር ሁለተኛ ብርጭቆ ጠየቀ። በረዶ ላምጣ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና ማቀዝቀዣውን አቅፌ አለቀስኩ፤ አላፍርም። ቋሚ ሠራተኛ ሆኛለሁ።

ሦስት ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለው በሻንጣቸው ይዘው ሄዱ። ከመስቀል በኋላ በቫይበር ደወሉ። መጠጡ እንዳለቀ፣ የሰፈሩ ሴቶች ጠርሙሱን ገልብጠው እንዳንጠፈጠፉት ነገሩኝ። ልቤ በኩራት አበጠ። ማን ጠመቀው ብለው አልጠየቁም ወይ አልኳቸው፣ ስሜ አዲስ አበባ ላይ ሲጠራ መስማት ፈልጌ።

“ጠየቁ እንጂ” አሉኝ። “የአሜሪካ ፋብሪካ ነው አልኳቸው። አማቼ ነው የጠመቀው ብላቸው ማን ደፍሮ ይቀምስልሃል?”