የሻምበል ዕጢና ቤቴን የዘለለው ጽዋ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው በሁዳዴ ጾም፣ በመፃጉዕ ሳምንት፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ቀኑን ብቻ አይደለም፣ የለበስኩትን ሹራብ ቀለም ሳይቀር አስታውሳለሁ። ዓመታት አልፈዋል፤ ሹራቡም አልቆ የመስኮት መወልወያ ሆኗል። ሰዎች «እርሳው እንጂ!» ባሉኝ ቁጥር ግን ይበልጥ አስታውሳለሁ።

ሰው በሁለት ነገር ይታማል፦ ባደረገውና ባላደረገው። ባደረገው የታማ ሰው መንገዱ ቀላል ነው፤ ንስሐ ይገባል፣ ይሰግዳል፣ ይገላገላል። ባላደረገው የታማውስ ወዴት ይግባ? «አባ፣ ያላደረግሁትን ይፍቱኝ» ይባላል? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። የእኔ ስም ግን ከመቃብር በላይ ሊውል ቀርቶ ከውሻዬ ጅራት በላይ መዋል አቃተው።

ውሻዬ ሻምበል ይባላል። ማዕረጉን ያገኘው በውጊያ አይደለም፤ ደረቱን ነፍቶ ስለሚሄድ ነው። የባለቤቴ የብዙነሽ ወንድም «የፈረንጅ ዘር አለበት» ብሎ ከአዲስ አበባ በካርቶን ይዞት መጣ። የፈረንጅ ዘሩ የቱ ጋ እንዳለ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ምናልባት ብርድ ሲነካው እንደ እንግዳ ሰው መንቀጥቀጡ ይሆናል። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ በጎቹን እንኳ በካፖርታቸው ላይ ጋቢ የሚያስመኝ ነው። ስለዚህ ሻምበልን ከአልጋችን እግር ሥር ማሳደር ጀመርን። ውሻ ቤት ውስጥ ማሳደር በእኛ ሰፈር ራሱን የቻለ ክስ መሆኑን ያኔ አላሰብኩትም።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሻምበል አንድ አመል አመጣ። አንባቢ ይቅርታ ያድርግልኝና፣ ቂጡን ምንጣፉ ላይ አሳርፎ፣ የኋላ እግሮቹን አንሥቶ፣ በፊት እግሮቹ ራሱን እየጎተተ ከበር እስከ ቁም ሳጥን ይጓዛል። ከዚያ ቆም ብሎ ወደ ኋላ ዞሮ ጅራቱን ያያል፤ የሆነ ሰው ከኋላው መጥቶ የነካው ይመስል። መጀመሪያ ሳቅን። በኋላ ግን ሲቀመጥ ማቃሰት ሲጀምር ሳቃችን ቀረ። ብዙነሽ «ኮሶ ነው፤ ምን ያጠራጥራል?» አለችኝ። ጎረቤላ ያለችው አክስቷ ከአንኮበር ጫካ የተለቀመ ኮሶ ላከችልን። በአገራችን ቂጡን ያሳከከው ፍጡር ሁሉ፣ ሰውም ይሁን ውሻ፣ ኮሶ ይጠጣል፤ ምርመራ የሚባል ነገር የለም። እኔም የተማርኩት ሰውዬ ይዤ አጠጣሁት። ሻምበል የጠጣውን ምንጣፉ ላይ መለሰው፤ ሁለት ቀን ዐይኔን አላየኝም። ጉዞው ግን አልቆመም።

እንግዲህ ወደ ማክሰኞ እንምጣ። የምንኖረው ሦስት ቤት ባለበት አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። ከግድግዳችን ማዶ እትዬ አስካለ አሉ። በዚያ ሳምንት ሐሙስ ገብርኤል ነበር፤ የማኅበራችንን ጽዋ የሚያወጡትም እሳቸው ነበሩ። ከሳቸው ጽዋውን የሚቀበለው ተረኛ ማን እንደነበር ገምቱ። እኔ ነበርኩ! ሰባት ዓመት ሙሉ በማኅበሩ ቁጭ ብዬ፣ አንዴ ቤት ጠበበኝ፣ አንዴ ልጅ ታመመብኝ እያልኩ ተራዬን ሳስተላልፍ ኖሬ፣ በመጨረሻ ጽዋው ወደ ቤቴ ሊመጣ ነበር። ብዙነሽ ገብሱን አስፈጭታለች፤ ነጭ ጨርቁንም አጥባ ተኩሳ አስቀምጣለች። ለመጤ አስተማሪ ጽዋ መቀበል ማለት «አንተም የእኛ ነህ» መባል ነው።

እትዬ አስካለ ለድግሳቸው ሙቀጫ ሊዋሱ ገቡ። ነፋሱ በሩን ከኋላቸው ድርግም አድርጎ ዘጋው። ሻምበል ደነገጠ። ሻምበል ሲደነግጥ ደግሞ ከኋላው አንዲት ጠብታ ነገር አመለጠችው። ጠብታ ነው የምላችሁ፣ ከዚያ አይበልጥም። ግን ቤቱን በሙሉ የሰነበተ ዓሣ ሞላው። ዝም ብሎ መጥፎ ሽታ አይደለም፤ ዓሣ ነው፣ ያውም ቅርፊቱ ሳይቀር የሚታይ ዓሣ!

እትዬ አስካለ አፍንጫቸውን ከፍ አደረጉ። ምድጃውን አዩ። ብዙነሽን አዩ። ከዚያ እኔን ለረጅም ጊዜ አዩኝና «በሉ ደኅና ዋሉ» ብለው ወጡ። ሙቀጫውን አልወሰዱም። ሴት ልጅ ልትዋስ የመጣችውን ዕቃ ትታ ከወጣች፣ አንድ የከበደ ነገር ተሸክማ ወጥታለች ማለት ነው።

በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም፤ ሊቃውንት አሉለት። በእኛ ማኅበር ግን ነገሩ ካለቀ ቆይቷል፦ በሁዳዴ ዓሣ የበላ ሥጋ በላ። ስለዚህ ረቡዕ ማለዳ የቆሻሻ ከረጢቴ ተፈታ፤ ማን እንደፈታው ባላውቅም የሰርዲን ቆርቆሮ እየተፈለገ እንደነበር አውቃለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ የንስሐ አባቴ አባ ገብረ ማርያም መጡ። ተቀመጡ፤ አየሩን ቀስ ብለው ሳቡ፤ «ልጄ፣ ሥጋ ደካማ ናት» አሉኝ።

«አባ፣ ሽታው የውሻው ነው» አልኳቸው።

«አዳም በሔዋን አሳበበ፣ ሔዋን በእባብ። አንተ ደግሞ በውሻ?» አሉና በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ደግ ናቸው፣ ያሳዝናቸዋል። ሲነሡ ግን «የተማረ ሰው ጾም ይከብደዋል፤ ዐውቃለሁ» ብለው ባረኩኝ። በዲግሪዬ ብዙ ሰው ተሳልቆብኛል፤ ባርኮ የተሳለቀብኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሻምበልን አቅፌ ወደ እንስሳት ሕክምና ሮጥኩ። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ከበግና ከላም ወረፋ መሃል ተቀበለችን። ጅራቱን አነሣች፣ ዳበሰችው፣ ከዚያ ፈገግ ብላ «ጋሼ፣ ዕጢው ተደፍኗል» አለችኝ። ውሻ ሁሉ በፊንጢጣው ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች አሉት ለካ፤ ከሌላ ውሻ ጋር ሲሸታተት የሚተዋወቅበት የራሱ መታወቂያ ነው። ጠንከር ያለ ዓይነ ምድር ሲወጣ ይጨምቃቸዋል፤ ልል ከሆነ ግን አይነካቸውም፣ ይሞላሉ፣ ይደፈናሉ፣ ያሳክካሉ፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታሉ። «ምን ታበሉታላችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እኛ የምንበላውን፤ ጾም አይደል? ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን» አልኳት። «እሱ ነዋ! ሆዱን አላልቶበት ነው» አለች።

እስቲ ፍረዱኝ። ቤቴ ዓሣ ዓሣ የሸተተው ጾም ስለገደፍኩ አልነበረም። ከእነ ውሻዬ ስለጾምኩ ነበር!

ዶክተሯ አሳየችኝ። ጓንት ታደርጋለህ፤ ጥጥ ትይዛለህ፤ ብዙነሽ ጭንቅላቱን አቅፋ ታባብለዋለች፤ በአንድ እጅ ጅራቱን ወደ ላይ፣ በሌላው ከሥር ወደ ላይ ቀስ እያልክ ትጫናለህ፤ ፊትህን ታዞራለህ። ፊት ማዞሩን የረሳ ሰው ሁለተኛ አይረሳም፤ በራሴ አይቼዋለሁ። «እብጠት ወይ ደም ካየህ እንዳትነካው፣ ወደኔ አምጣው» አለች። «ካላስቸገረውም ዝም ብለህ በየጊዜው አትጭመቅ፤ ፉርሽካ ቀላቅለህ አብላው። ኮሶ ደግሞ ሁለተኛ እንዳታሳየው።» ሻምበል ሲገላገል ወደኔ ዞሮ እጄን ላሰኝ። በዚያ ሳምንት ያመነኝ ብቸኛው ፍጡር እሱ ነበር።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ብመለስ ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን ተምሬያለሁ፤ የተማረ ሰው ደግሞ እውነት ብቻውን አይበቃውም፣ ማኅተም ይፈልጋል። ዶክተሯን ወረቀት ጻፊልኝ አልኳት። «የት ነው የሚቀርበው?» አለችኝ። «ለማኅበር» አልኩ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች፤ ቢሆንም ጻፈችልኝ፣ ማኅተሙንም መታችበት።

ሐሙስ እትዬ አስካለ ቤት ተሰበሰብን። ጸሎት ተደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ከግራዬና ከቀኜ ሰዎች ሸሸት ብለው ተቀምጠዋል። ጽዋውን የማስረከቢያው ሰዓት ሲደርስ እትዬ አስካለ መሬት መሬት አዩ፤ የማኅበሩ አለቃ፣ እኛ ሙሴ የምንላቸው ጋሽ በላቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ብዙነሽ እጅጌዬን ያዘችኝ። አልተያዝኩላትም፤ ብድግ አልኩና ወረቀቴን ዘረጋሁ። «ሻምበል የተባለው ውሻ የፊንጢጣ ዕጢው በመደፈኑ ምክንያት ዓሣ ዓሣ የሚል ፈሳሽ ሲያመነጭ መቆየቱን፣ ሽታውም የውሻው እንጂ የቤተሰቡ አለመሆኑን እናረጋግጣለን።» ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሥርዓተ ነጥቡን ጠብቄ አነበብኩት።

ሽሮ የጠቀለለ እጅ አፍ ሳይደርስ ቆመ። አባ ገብረ ማርያም በጋቢያቸው ጫፍ ጽዋውን ሸፈኑት። እትዬ አስካለ «በገብርኤል! በጽዋው ፊት? የውሻ ቂጥ?» አሉ። ከወዲያ ጥግ አንዱ ሊስቅ ሲል ጋሽ በላቸው በዐይናቸው ገደሉት። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ ልስልስ ባለ ድምፅ «የዓሣው ነገር ቀርቷል፤ እንዳልበላህ አምነናል። ግን አየህ፣ አንተ፣ ነገር ቦታ አለው። ለዚህ ወር ይለፍህ» አሉኝ። ጽዋውም በእልልታ ከጎኔ ወደተቀመጠው ሰው ሄደ። ብዙነሽ ቤት ገብታ የተኮሰችውን ጨርቅ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ያ ማጣጠፏ ነው እስከ ዛሬ የሚያመኝ።

«ለዚህ ወር» ያሉት ወር ግን አላለቀም። ስንት ገብርኤል አለፈ! ጽዋው እኔ ጋ ሲደርስ ሁሌ አንድ እንቅፋት ያገኛል፤ ወይ አንዱ ስለት አለብኝ ይላል፣ ወይ ሌላው ልጁን ሊድር ነው። እኔም በየወሩ እሄዳለሁ፣ እጠጣለሁ፣ እመለሳለሁ።

አሁን ደግሞ የባሰውን ስሙ። በተከታዩ ሁዳዴ እትዬ አስካለ በጓሮ በር መጡ፤ ነጠላቸው ሥር የሆነ ነገር ይንፈራገጣል። ቡችላቸው ነበር። «ይኼም እንደ ሻምበል ቂጡን ይጎትታል፤ እባክህ የኔ ልጅ» አሉኝ። ምን ልበል? ውሻው ምን አደረገ? ጓንቴን አጠለቅሁ። ከሳቸው በኋላ ሌላው መጣ፣ ከዚያ ሌላው። ከእነዋሪ ከተማ ድረስ በአይሱዙ የመጣ ውሻ አለ። አባ ገብረ ማርያምም የግቢያቸውን ጠባቂ ውሻ ላኩልኝ፤ «ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ» የሚል መልእክትም አብሮ መጥቷል። ማንም ግን በፊት በር አይገባም፤ ማንም በማኅበሩ ላይ አንሥቶት አያውቅም።

ትናንት ደግሞ ጋሽ በላቸው ራሳቸው መጡ፤ ውሻቸውን በገመድ እየጎተቱ፣ ግራ ቀኝ እያዩ። ውሻው በአንድ ጎኑ ብቻ ይቀመጣል፤ አሳዘነኝ። ጭንቅላቱን እሳቸው ያዙ፣ ጅራቱን እኔ ያዝኩ። ውሻው እጄ ላይ እያለም «ጋሽ በላቸው፣ የውሻዎን ገመና አምነው የሰጡት እጅ ጽዋውን ለመቀበል ምን ጎደለው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አሁን እሱን ተወውና ቶሎ በል፤ ያመዋል እኮ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ ያመዋል። ቂሜን በውሻ አልወጣም። ቀስ ብዬ ተጫንኩለት፤ አቃሰተ፣ ከዚያ ተነፈሰ፣ ጅራቱን ቆላ። ጋሽ በላቸው አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው፣ አመስግነውኝ፣ በጓሮ በር ወጡ። ጥያቄዬን ግን አልመለሱትም።

ስለዚህ እዚህ ጽፌ እጠይቃለሁ፤ ጋሽ በላቸው ያነቡታል። ጽዋው ያለፈኝ በዓሣው ከሆነ፣ እንዳልበላሁ በአደባባይ አምናችኋል። የውሻ ቂጥ በማንሣቴ ከሆነ፣ እርስዎ ትናንት ያስነሡኝ የማንን ነው? ይመልሱልኝ፣ ጋሽ በላቸው! ያውም በፊት በር መጥተው ይመልሱልኝ!