የፈረንጁ ተጎታች ቤትና የእኔ ዋስትና

ሰው ዕቃውን ሲቆልፍ የምንቀየም ሰዎች ነን። እናንተ በር ቆልፋችሁ፣ ሣጥን ቆልፋችሁ፣ ቁልፉንም ትራስ ሥር አድርጋችሁ የምታድሩ የከተማ ሰዎች ነገሩ ላይገባችሁ ይችላል። በእኛ በእስቴ አገር ግን ገበሬ ሲያርስ ውሎ ሲመሽበት ሞፈርና ቀንበሩን እማሳው ላይ ትቶ ይገባል፤ በማግሥቱ ሲመለስ ከጤዛ በቀር የነካው የለም። ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረውን ጠፍር፣ ምራን የምንለውን፣ ከሰው ማሳ የፈታ ሰው ለልጁ ሚስት የሚሰጠው አያገኝም። እንዲህ ወዳለ አገር መጥቶ ዕቃውን የሚቆልፍ እንግዳ፣ አፉን ሳይከፍት "ሌቦች ናችሁ" ማለቱ አይደለም? እኛ እንዲያ ነው የሚገባን። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የምንለውም እኛው ነን። ሁለቱን እንዴት አስታርቀን እንደምንኖር አትጠይቁኝ፤ የእኔ ትምህርት ከዳዊት አላለፈም።

ይህን ያነሳሁት በአገሬ ልኮራባችሁ ብዬ አይደለም። ያፈርሁበትን ልነግራችሁ ነው። የሚያፍር ሰው ደግሞ ወሬውን ከሩቅ ይጀምራል።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከደብረ ታቦር በመንደራችን አልፎ ወደ ወረዳው ከተማ ወደ መካነ ኢየሱስ የሚወስደው መንገድ መኪና የሚያሳልፈው በበጋ ብቻ ነበር። አንድ ኅዳር ላይ አንድ ፈረንጅ ከሚስቱ ጋር በላንድሮቨር መጣና ከቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱስ ሚካኤል በታች ካለው መስክ አረፈ። መኪናውንስ ዓይነቱን አይተን እናውቃለን። አይተን የማናውቀው ከኋላው የሚጎትተውን ነው። ቤት ነው! በርና መስኮት ያለው፣ መስኮቱም መጋረጃ ያለው፣ በሁለት ጎማ የሚሄድ ቤት። ባልና ሚስቱ እዚያው ያበስላሉ፣ እዚያው ይተኛሉ። አንድ ሽማግሌ ዙሪያውን ሲዞሩት ቆዩና፣ "ቤቱን አዝሎ የሚዞር ቀንድ አውጣ ብቻ ይመስለኝ ነበር" አሉ።

የቀበሌያችን ጭቃ ሹም እንግዳ በእጃቸው እንዳይጠቃ ፈሩና እኔን ጠሩኝ። "ታከለ፣ አንተ ጸሎተኛ ነህ፣ ሌሊቱን አትተኛም፤ ፈረንጁን ጠብቅ" አሉኝ። ጸሎተኛ መሆኔ እውነት ነው። አለመተኛቴ ግን ሰው ያወራው ነው።

ፈረንጁ አንድ ልማድ ነበረው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ቤቱና ወደ መኪናው መጋጠሚያ ይሄዳል። እዚያ ላይ እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ ስንዝር የሚያህል የብረት መቀርቀሪያ ከላይ ወደ ታች ገብቶ ሁለቱን ያያይዛቸዋል። ፈረንጁ በዚያ ላይ ሰንሰለት ይጠመጥማል፣ ጓጉንቸር ቁልፍ ይከረችምበታል፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ይነቀንቀዋል። ከማሳ የሚመለሰው ሁሉ ቆሞ ያያል።

"ምንድን ነው የሚያስረው?" አለ አንዱ።

"እኛን ነዋ" አለ ሌላው።

ይህች ቃል አንገበገበችኝ። በማግሥቱ ወደ አስተርጓሚው ሄድሁ፤ ከደብረ ታቦር አብሮ የመጣ፣ ከፈረንጁ ይልቅ ፈረንጅ የሆነ ባለ ባርኔጣ ነው። "ንገርልኝ" አልሁት። "በዚህ አገር የሰው መጋጠሚያ የሚፈታ የለም በለው። እኔ እያለሁ ከዚህ ቤት አንዲት ሚስማር ብትጎድል ታከለ አትበሉኝ! ዋሱ እኔ ነኝ በለው።" ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ፈረንጁ ሰምቶ ፊቱ ቀላ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ፣ ሰንሰለቱን ከነቁልፉ ፈትቶ ከቤቱ ከተተው። ያን ቀን በመንደሩ ውስጥ ስሄድ እግሬ መሬት አልነካም።

የሚቀጥለው ቀን የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነበር። እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ። ለበዓል ዋዜማ በሬ ይፈታል፣ አህያ ጭነቷ ይራገፋል፤ የእንግዳ በቅሎ ደግሞ ባለቤቱ ሳይጠይቅ ኮርቻዋ ይወርዳል። ያን ማታ ወደ ጥበቃዬ ስመጣ መኪናው ያንን ሁሉ ቤት ተሸክሞ፣ እንደ ተጠመደ ቆሟል። ብረት መሆኑን አጥቼው አይደለም። ነገር ግን ሲመጣ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ሰምቼዋለሁ፤ ውኃ ሲያጠጡትም አይቻለሁ። "በሚካኤል ቀን ተጠምዶ ይዋል?" አልሁ በልቤ። ባለቤቶቹን እንዳልጠራ በር ዘግተው እራት ይበላሉ፤ የሚበላን ሰው ማስነሳት ነውር ነው። ከቤቱ ጎማዎች ሥር ድንጋይ አስደገፍሁ፣ ከፊቱ የምትወርድ የብረት እግሩን መሬት አስረገጥሁና መቀርቀሪያውን ሳብሁት። ሳይታገለኝ ወጣ። እንዳይጠፋ በወገቤ ከታጠቅሁት ድግ ውስጥ አስገባሁት። ሲነጋጋ ጥበቃውን ለመልአኩ አደራ ብዬ ወደ ቅዳሴ ወጣሁ። ከበዓሉ በኋላ መልሼ ልሰካው ነው አሳቤ። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሴ ወጥተን ሰዉ ወደ ጠበል ጠዲቁ ሊበተን ሲል ጭቃ ሹሙ ከደጀ ሰላሙ ቆመው ይጮኻሉ። ከጎናቸው አስተርጓሚው ባርኔጣውን እያወዛወዘ፣ "እንግዳ ተዘረፈ! ዛሬ ተነስተን ልንሄድ መቀርቀሪያው ተሰረቀ!" ይላል። ፈረንጁ እኔን ያያል። እጄ ወደ ድጌ ሄደ። "እኔ ነኝ ያወጣሁት" ማለት አምስት ቃል አይሞላም። ነገር ግን ጭቃ ሹሙ "ሌባው" ሲሉ ሰው ሁሉ "ሌባው" አለ፤ ዋስ የሆንሁትም እኔ ነኝ። ትንሽ ይብረድላቸው ብዬ ዝም አልሁ። ዝምታ እንደ ጭቃ ነው፤ ቶሎ ካልወጡበት እግር ይይዛል።

ያን ጊዜ ዕቃ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራል። የአጥቢያው ወንድ ሁሉ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ሌባው ሳይገኝ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ሁሉም በተራ ይምላል። የሚጠረጥር ሰው ለሽማግሌዎች በጆሮ ይነግራል፤ ስሙ አይነሳም፣ "ወፍ ነገረችን" ይባላል። ተራው ሲደርሰኝ ፊቴን ወደ መቅደሱ መልሼ፣ "ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ አልሰረቅሁም፣ ሲሰርቅም ያየሁት የለም" አልሁ። ቃሉ እውነት ነው። አያችሁ ተንኮሌን? በእውነት ቃል የዋሸሁት ያን ቀን ነው፤ ለዚያውም ከታቦት ፊት።

ጥቂት ቆይቶ ወፏ ተናገረች። "የጠፋው ብረት ነው፤ ብረት የሚሻ ማን ነው?" አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ ወደ ዳር አየ። ዳር ላይ፣ እንደ ወትሮው ለብቻው፣ ቀጥቃጩ ደምሌ ተቀምጧል። እሱ ባልሠራው ማረሻ ያረሰ፣ እሱ ባልሳለው ማጭድ ያጨደ ከመካከላችን አልነበረም። ልጆቻችንን ግን ከዓይኑ እንሸሽጋቸዋለን፤ እህል ስንሰፍርለትም እጃችን እጁን ሳይነካ ነው። ከዚያ በፊት ይህ አሳፍሮኝ አያውቅም።

እጁን የኋሊት አሰሩት። ሁለት ሰዎች ቤቱን ሊበረብሩ ሄዱ፤ ወናፉን ቀድደው፣ ከሰሉን በትነው፣ ሚስቱን አስለቅሰው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ደምሌ አልጮኸም። "ጌታዬ፣ እኔ ብረት የምቀጠቅጥ እንጂ ብረት የምበላ አይደለሁም" ብቻ አለ። አንዳንዱ ሳቀ። ጭቃ ሹሙ ግን አልሳቁም፤ "ሰጥቶ ካልወጣ ታስሮ መካነ ኢየሱስ ይውረድ፤ እዚያ በጅራፍ ይለፈልፋል" አሉ።

ይህን ስሰማ ተነሳሁ። እውነቱን ሊናገር ነው ብላችሁ ተስፋ አታድርጉ፤ እኔም ስነሳ መስሎኝ ነበር። ከአፌ የወጣው፣ "ጌታዬ፣ ጠባቂው እኔ ነኝ፤ አንድ ጊዜ ሣሩን በዓይኔ ልፈልገው" የሚል ነው። ወደ መስኩ ወረድሁ፣ ከመጋጠሚያው ሥር አጎነበስሁ፣ ድጌን ፈታ አደረግሁ። "አገኘሁት!" አልሁ።

ሴቶቹ እልል አሉ። አስተርጓሚው አቀፈኝ። ጭቃ ሹሙ ግን ጠንቃቃ ናቸው፤ ደምሌን አስፈቱና፣ "ብረት የምታውቅ አንተ ነህ፣ እየው፤ የመኪናው ነው ወይስ ሌላ?" ብለው መቀርቀሪያውን ሰጡት።

ደምሌ ገመዱ ባሰመረው እጁ ተቀበለው። ኅዳር ነው፤ መኪናው ባጠላበት ሣር ላይ ጤዛው ገና አልደረቀም፣ የእኔም እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ርሷል። መቀርቀሪያው ግን ደረቅ ነው። ደረቅ ብቻ አይደለም፣ ከዶሮ ሥር እንደ ወጣ እንቁላል ይሞቃል። ቀጥቃጭ ሰው የብረትን ሙቀት እንደ ካህን ንባብ ያውቃል። መዳፉን ጨበጠው፣ ከፈተው፣ ከዚያ ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ። ልጆቻችንን የምንሸሽግበት ዓይን እኔ ላይ ቆመ። በዚያች ሰዓት ስሜም፣ ዋስትናዬም፣ ዳዊቴም በእሱ አፍ ላይ ነበሩ።

"የመኪናው ነው" አለ። "ሣር ውስጥ ወድቆ ኖሯል።"

አውጫጭኙ ተፈታ። ፈረንጁ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ጭቃ ሹሙ፣ "ይኸው፣ የጸሎተኛ ሰው ዓይን!" አሉ። ደምሌን ይቅርታ የጠየቀው የለም፤ እሱም ሳይጠብቅ ተነስቶ የተቀደደ ወናፉን ሊሰፋ ሄደ።

ለንስሐ አባቴ ተናገርሁ። መቶ ስግደት አዘዙኝና፣ "ከሰውየውም ታረቅ" አሉኝ። ስግደቱን በሦስት ቀን ጨረስሁት፤ ስግደት ቀላል ነው፣ መሬት መልሳ አታይህም። ሁለተኛው ትእዛዝ ቀረ። ሳምንት ቆይቼ ማረሻዬን ይዤ ወደ ደምሌ ቤት ሄድሁ። ከወናፉ ጀርባ ተቀምጧል፤ ቆዳው ላይ አዲስ ቁራጭ ተጥፎበታል። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ደምሌ፣ የዚያን ቀኑ ብረት..."

ማረሻዬን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አዞረው፣ ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

"አያ ታከለ፣ ይህ ማረሻ ሳስቷል" አለኝ። "ብረት ልጨምርበት?"

"ጨምርበት" አልሁ።

እሱ እስኪሞት ድረስ በዚያ ነገር የተነጋገርነው ይህንኑ ነው።